ከቴሌስኮፑ በፊት ክበቡ ነበር፦ እንጦጦና የኮሌጅ ተማሪዎች የሕዋ ሳይንስ

ከመገናኛ ወይም ከኮተቤ ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ረጅም የተራራ ሰንሰለት ያያል። የየካ ክፍለ ከተማን ከጀርባው አቅፎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጉለሌ የሚዘልቀው ይህ ሰንሰለት እንጦጦ ነው። አጤ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ብርዱንና የማገዶ ችግሩን ሸሽተው ከዚያ ወደ ፍልውሃ የወረዱት በ1870ዎቹ መጨረሻ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ከፍታውን ፈልገው የወጡ ሰዎች መጡ። በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ክብ ጣሪያ ያላቸው ሁለት ቤቶች ሠሩ፤ በእያንዳንዳቸውም ውስጥ ባለ 1 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ አስቀመጡ።

ስለነዚህ ሁለት ቴሌስኮፖች ሁለት ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። አንደኛው የመንገድ ላይ ጥያቄ ነው፦ «ዳቦ በሌለበት አገር ኮከብ ማየት ምን ይሉታል?» ሁለተኛው የባለሙያ ነው፦ «ለምን እዚያ? ከሥሩ የሚሊዮኖች ከተማ መብራት፣ ከላዩ የክረምት ደመና እያለ?» ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ግን ቴሌስኮፑ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ታሪክ ይዘሉታል። ያ ታሪክ ደግሞ ከሞላ ጎደል የኮሌጅ ተማሪዎች ታሪክ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ መሣሪያው ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ የምህንድስና ልጅ ሆኜ ይህን ሳልሠራ ማለፍ አይሆንልኝም። በጨለማ ውስጥ የሰው ዓይን ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ገደማ ይከፈታል። የ1 ሜትር መስታወት ብርሃን የሚሰበስብበት ስፋት ከዚያ ብሌን 20 ሺህ ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ሰባት መቶ ዓመት የተጓዘች ደካማ የብርሃን ጭላንጭል ለዓይናችን ምንም ሳትሆን ለመስታወቱ የሚለካ ነገር የምትሆነው ለዚህ ነው። ከፍታውም ይረዳል፤ 3,200 ሜትር ላይ የቆመ ሰው የከባቢ አየሩን አንድ ሦስተኛ ያህል ከእግሩ በታች ጥሎታል። ኬክሮሱ ደግሞ ከሁሉም የሚያስቀና ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በሰሜን የዋልታው ኮከብ ከአድማስ ብቅ ብሎ ይታያል፣ በደቡብ ደግሞ የደቡብ መስቀል ይወጣል። ለንደን ያለ ተማሪ የደቡብ መስቀልን አያይም፤ ኬፕታውን ያለውም የዋልታውን ኮከብ አያይም። እኛ ሁለቱንም እናያለን።

እሺ፣ ጉድለቱስ? እንደዚህ ያለ መስታወት በፊዚክስ ሕግ ብቻ ቢሆን ከአንድ አርክሰከንድ አንድ ሰባተኛ ያህል የሚጠጋጉ ሁለት ነጥቦችን መለየት ይችላል። የአየሩ መናወጥ ግን ያንን ጥራት ብዙ ጊዜ ወደ አንድ አርክሰከንድና ከዚያም ወደ ባሰ ያወርደዋል። በዚህ ላይ የከተማው መብራት ሰማዩን ያነጣዋል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ደመናው ጋራው ላይ ተኝቶ ነው የሚከርመው። ማዕከሉን ያቋቋሙት ሰዎች ራሳቸው ይህን ያውቁ ነበር። ለዚህም ነው ለከባድ ምርምር የላሊበላ አካባቢ ከፍተኛ ተራሮች ሲጠኑ የቆዩት። ታዲያ እያወቁ እንጦጦ ላይ ለምን ተከሉት? ሰው በአንድ ታክሲና በአንድ የእግር መንገድ የሚደርስበት ጋራ ስለሆነ ነው ብዬ አስባለሁ። ከላሊበላ ጋራ አናት ላይ የተተከለ ቴሌስኮፕ ተመራማሪ ይጠቀምበታል፤ እንጦጦ ላይ የተተከለው ግን ከአራት ኪሎም ከኮተቤም ተማሪ ይደርስበታል።

ወደ ታሪኩ እንሂድ። በአገራችን ስለ ሕዋ የሚደረግ ንግግር ሁሉ ከመጽሐፈ ሄኖክና ከባሕረ ሐሳብ ይጀምራል። ባሕረ ሐሳብን አላቃልልም፤ የ19 ዓመቱን የጨረቃና የፀሐይ ዑደት በአበቅቴና በመጥቅዕ እየቆጠረ በዓላትን የሚያወጣ እውነተኛ ስሌት ነው። ዘመናዊው የተማሪዎች ሳይንስ ግን ከዚያ አልተቀጠለም። የእሱን መነሻ አራት ኪሎ ላይ፣ በ1950 ዓ.ም. እናገኘዋለን።

በዚያ ዘመን ዓለም «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» የሚባል ትልቅ ዘመቻ ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 ድረስ አገሮች ምድርን በጋራ ለመለካት ተስማሙ። ሶቭየት ኅብረት መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ስፑትኒክን ያመጠቀችው በዚሁ ዘመቻ መሐል ነው። አዲስ አበባ ለዘመቻው ተፈላጊ ነበረች፤ ምክንያቱም የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ በአካባቢዋ ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ በቀን ከላይ በአየር ውስጥ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፤ እሱን ከምድር ሆኖ ለመለካት ከአዲስ አበባ የተሻለ ቦታ ጥቂት ነው። በመሆኑም ከተከፈተ አሥር ዓመት ያልሞላው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አገኘ። መሪው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ።

ጉዋን በኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ላይ የሠሩት ሥራ ዛሬም መነሻ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የደረሰውና የመጀቴን ከተማ ያፈረሰው መንቀጥቀጥ ሲመጣ አገሪቱ የምትለካበት መሣሪያ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው መጽሐፋቸው የብዙ ዘመን መዛግብትን ከመሣሪያው ልኬት ጋር አገናኝቶ የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ አስቀምጧል። ያ ኦብዘርቫቶሪ እያደገ ሄዶ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ሲያወዛውዝ ሕዝቡ በቴሌቪዥን የሰማቸው ፕሮፌሰር አታላይ አየለ የዚህ ቤት ሰው ናቸው። ለአንድ ኮሌጅ ግቢ ጥግ ለተተከለ መሣሪያ ይህ ትልቅ ዕድሜ ነው።

ግን ልብ በሉ፦ ያ መሣሪያ ተማሪን ለመሳብ የተሠራ አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም ነበር። ማግኔቶሜትር ብረት አይወድም፤ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ የያዘ ተማሪ ጠጋ ባለ ቁጥር ልኬቱ ይበላሻል። ሴይስሞግራፍም የእግር ኮቴ አይወድም። ጥሩ ተማሪ ተመርጦ ይገባል፣ ይሠለጥናል፣ ባለሙያ ይሆናል። የቀረው ተማሪ በአጥሩ በኩል ያልፋል። የመጀመሪያው ትውልድ የሳይንስ ቤታችን በዚህ መንገድ ጥቂት ምርጥ ሰዎችን አፈራ፤ ለሕዋ የጓጓ ሌላ ልጅ ግን ዕድሉን ውጭ አገር ነበር የሚፈልገው። ከባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተነስተው በአሜሪካ የሕዋ ኢንዱስትሪ የሠሩት ዶ/ር ቅጣው እጅጉ ስማቸው እስካሁን በተማሪዎች አፍ የሚነሳው ለዚህ ይመስለኛል። እሳቸው የደረሱበት ለመድረስ አገር ውስጥ የተዘረጋ መሰላል አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲመሠረት የተለወጠው ይህ ነው። ሶሳይቲው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ በበጎ ፈቃድ የተሰባሰቡ ሰዎች ማኅበር ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስን ሲያስተምሩ የኖሩት ዶ/ር ለገሠ ወትሮ ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው፤ አቶ ተፈራ ዋልዋም በኋላ በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። ጊዜው የምግብ ዋስትና የሁሉም ንግግር መክፈቻ የነበረበት ነው። በዚያ መሐል ስለ ጋላክሲ የሚያወሩ ሰዎች ጤንነታቸውን መጠራጠር የተለመደ ቀልድ ሆኖ ነበር።

ያኔ ቴሌስኮፕ ባይኖራቸውም ተማሪ አላቸው። በየዩኒቨርሲቲው ቅርንጫፍ፣ በየትምህርት ቤቱ ክበብ ተቋቋመ። የሥራው ዓይነት ቀላል ነበር፦ ቅዳሜ የሚሰጥ ንግግር፣ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ የተውሶ ትንሽ ቴሌስኮፕ ሜዳ ላይ አውጥቶ የጨረቃን ጎድጓዶችና የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ማሳየት። ከዚህ ሁሉ የዓለም የሕዋ ሳምንት ዋናው ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 4 እስከ 10 ይከበራል፤ መነሻው ስፑትኒክ የተወነጨፈበት ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 24 እስከ 30 መሆኑ ነው። ሳምንቱን የመረጡት ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ ማሰባቸውን እጠራጠራለሁ፤ ግን ቢያስቡም ከዚህ የተሻለ ቀን ባልመረጡ! መስቀል አልፏል፣ ዝናቡ ቆሟል፣ አየሩ ታጥቦ ጠርቷል፣ ተማሪውም ወደ ግቢ እየተመለሰ ነው።

የክበብ ሥራ ለምን እንደሚከብድ ያልቀመሰ ሰው አያውቀውም። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በተማርኩበት ግቢ (ስሙ ይቅር) ክበቡ በዕርዳታ ያገኘው አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ ነበረው። ቴሌስኮፑ የሚኖረው በንብረት ክፍል መጋዘን ውስጥ፣ ከነካርቶኑ ነው። ለማውጣት የሆነ ሠራተኛ ሞዴል 22 ላይ መፈረም አለበት፤ የፈረመ ሰው መስታወቱ ቢሰበር ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ማን ይፈርማል? በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲወጣ አይቻለሁ። ከሦስቱ በአንዱ ምሽት የሳተርንን ቀለበት ያየ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ «ተለጥፎበት ነው እንዴ?» ብሎ የቴሌስኮፑን አፍ ሲፈትሽ ትዝ ይለኛል። የምስል ወረቀት የተለጠፈ መስሎት ነው። ያንን ልጅ በሌክቸር እንዲህ ማስደንገጥ አይቻልም።

እንግዲህ እንጦጦ የመጣው በዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ማዕከሉ ተመረቀ፤ ወጪውን በአብዛኛው የሸፈኑት ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ናቸው። ቅደም ተከተሉን እዩት፦ መጀመሪያ ማኅበሩ፣ ከ11 ዓመት በኋላ ቴሌስኮፑ፣ ከዚያ በ2009 ዓ.ም. የመንግሥት የሆነው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት። በአብዛኛው አገር መንግሥት ተቋም ይገነባል፣ ተቋሙ መሣሪያ ይገዛል፣ መሣሪያው ሲያረጅ ለሕዝብ ጉብኝት ይከፈታል። እኛ ጋ ተገልብጦ ነው የሆነው።

ኢንስቲትዩቱ በአስትሮኖሚና አስትሮፊዚክስ፣ በሪሞት ሴንሲንግ፣ በጂኦዴሲ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ። የዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት የምሥራቅ አፍሪካ የልማት ቢሮም መቀመጫውን እዚሁ አደረገ። ከውጭ መጥተው እዚህ የሠሩት ዶ/ር ሚርያና ፖቪች እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ የአስትሮኖሚ ማኅበር በጆስሊን ቤል በርኔል ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠውን ሜዳልያ ያገኙት በአፍሪካ፣ በተለይም በኢትዮጵያ፣ ወጣቶችንና ሴቶችን ወደ ሳይንስ ለማምጣት በሠሩት ሥራ ነው። ማለትም ዓለም ይህን ቤት ያስታወሰው አዲስ ጋላክሲ ስላገኘ ሳይሆን ተማሪ ስላገኘ ነበር።

ከዚያ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጣ። በዚያ ወር በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ነገር ሆነ፤ ሰዉ ግን የሚያስታውሰው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ታኅሣሥ 7 ቀን ነው። ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለእያንዳንዱ አገር አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሰጥቶ ስም እንዲያወጣ ጋብዞ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለ፣ የመዝገብ ቁጥሩ ኤችዲ 16175 የሆነ ኮከብ ነው። በዚያ ቀን ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» መባላቸው ተገለጸ። አቦል ከጁፒተር ብዙ እጥፍ የሚከብድ ግዙፍ ፕላኔት ነው፤ ኮከቡን ዞሮ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እሱን በዓይኑ ያየ የለም። የተገኘው ኮከቡ በፕላኔቱ ስበት ወዲህና ወዲያ ሲወዛወዝ የብርሃኑ ቀለም በጥቂቱ በመለዋወጡ ነው። እና ሌላ ፕላኔት ቢገኝስ? ቶና ይባላል ማለት ነው፤ ሦስተኛው በረካ። የስም አወጣጡ ለወደፊት ቦታ መተው ነበረበት፤ የቡና ሥርዓታችን ይህን ችግር ቀድሞ ፈትቶት ነበር። ቡና በባዶ ዓይን አይታይም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ግን ተራ ባይኖኩላር የያዘ ተማሪ፣ የሰማይ ካርታ ካለው፣ ሊያገኘው ይችላል።

ሁለተኛው ታኅሣሥ 10 ቀን ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ተወነጨፈች። ባለሥልጣናቱም ባለሙያውም እንጦጦ ተሰብስበው በቀጥታ ሥርጭት ተመለከቱ። ክብደቷ 72 ኪሎ ግራም ነው፤ ሥራዋ ምድርን ፎቶ ማንሳት። የወጪዋን ትልቁን ድርሻ ቻይና ሸፈነች፤ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም በሥራው ተሳተፉ። ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. አነስተኛዋ ሁለተኛ ሳተላይት ተከተለች።

ለምህንድስና ተማሪ እኔ ከሳተላይቷ ይልቅ የምቀናው በምድር ጣቢያው ነው። እንዲህ ያለች ዝቅ ብላ የምትዞር ሳተላይት ምድርን ከመቶ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ትዞራለች፤ ከጣቢያው በላይ ስታልፍ የምትታየው ግን ቢበዛ ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው። በዚያች አሥር ደቂቃ አንቴናው እሷን እየተከተለ መዞር፣ የድግግሞሹን መለዋወጥ ማረም፣ ትእዛዝ መላክ፣ መረጃ መቀበል አለበት። የቁጥጥር ሥርዓት፣ የምልክት ማቀነባበር፣ የፕሮግራም ጽሑፍ፣ ሁሉም ኮርስ በአንድ ማለፊያ ውስጥ አለ። አንድ ሴሚስተር በሰሌዳ ላይ የተሳለ የግብረ መልስ ዑደት እዚያ በእውነተኛ ሞተር ላይ ይታያል።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የነበረው ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ የክበቦቹ ትልቅ ቀን መሆን ነበረበት። የግርዶሹ መስመር ላሊበላን አቋርጦ አለፈ፤ የፀሐይ አብዛኛው ክፍል ተሸፍኖ ጠርዟ ብቻ እንደ ቀለበት በራ። ግን በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ከመጋቢት ጀምሮ ተዘግተው ተማሪው በየቤቱ ነበር። የአውቶቡስ ጉዞውም የሜዳ ዝግጅቱም ቀረ። ሆኖም ከዚህ በፊት በክበብ ያለፈ ተማሪ በሰፈሩ የሚሠራውን ያውቅ ነበር፤ ካርቶን ይበሳል፣ የፀሐይን ምስል ወረቀት ላይ ይጥላል፣ ልጆች ዓይናቸውን ወደ ፀሐይ እንዳይሰቅሉ ይጮኻል። ዛፍ ሥር የቆመ ሰው ደግሞ በቅጠሎቹ ክፍተት የገባው ብርሃን መሬት ላይ መቶ ትንንሽ ማጭድ ሆኖ አይቷል። ለዚህ ንብረት ክፍል መፈረም አላስፈለገም።

ኢንስቲትዩቱ በኋላ ከጂኦስፓሻል ተቋሙ ጋር ተዋሕዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆኗል። ካርታ፣ የሰብል ክትትል፣ የሳተላይት መረጃ አገር የሚፈልጋቸው ሥራዎች ናቸው፤ የመንገድ ላዩን ጥያቄም ይመልሳሉ። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ተቋም ባደገ ቁጥር ዕቅዱ በሪፖርት በሚቆጠር ነገር ይሞላል፤ አንድ የኮሌጅ ተማሪ በጨለማ ጋራ ላይ ቆሞ ሳተርንን ያየበት ምሽት በየትኛው ዓምድ ይጻፋል? ቀን የወጣ ጎብኚ ዶሙንና መስታወቱን ነው የሚያየው፤ ኮከብ ለማየት መምሸት አለበት፣ ሲመሽ ደግሞ ከእንጦጦ ታክሲ የለም። ይህ የአስትሮፊዚክስ ችግር አይደለም። የአንድ ሹፌርና የአንድ ሌሊት አበል ጉዳይ ነው።

ክበቦቹም የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። ሊቀመንበሩ ሦስተኛ ዓመት ላይ ይመረጣል፣ ሥራውን ሲለምደው ይመረቃል፣ ፋይሉ በላፕቶፑ አብሮት ይሄዳል። ለዚህ ይመስለኛል ከማንም ይልቅ መምህር የሚሆኑ ተማሪዎች ላይ መሥራት የሚያዋጣው። ከዚሁ ሰንሰለት ሥር፣ የካ ውስጥ፣ የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያ የሠለጠነ አንድ የፊዚክስ መምህር በዓመት አምስት ክፍል፣ በክፍል 50 ልጅ ቢያስተምር 250 ተማሪ ነው። ለእሱ አንድ ሌሊት እንጦጦ ላይ ማሳለፍ ከአሥር የጉብኝት አውቶቡስ ይበልጣል። በዚያ ላይ የሚለካ ሥራ ቢሰጠው፣ ለምሳሌ ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ከዋክብትን በየሳምንቱ ገምቶ መመዝገብ፣ ልኬቱ ለዓለምም ይጠቅማል። ይህን ዓይነት የአማተር ልኬት ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰበስብ የአሜሪካ ማኅበር አለ፤ በእኛ ኬንትሮስ፣ በምድር ወገብ አካባቢ፣ በሌሊት ነቅቶ የሚመዘግብ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

የሚቀጥለው ትልቅ ቀን ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ሉክሶር አጠገብ ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚቆይ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል፤ መስመሩ ግብፅን አቋርጦ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን በኩል ወደ ሶማሊያ ጫፍ ያልፋል። ኢትዮጵያን አይነካትም፤ ከፊል ግርዶሹ ግን እዚህም ይታያል፣ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ በኩል በደንብ። ሐምሌ ነውና እንጦጦ በደመና ውስጥ የመዋሉ ዕድል ሰፊ ነው። ካርቶን የሚበሱት ልጆች ዘንድሮ ዕቅድ የሚያወጡ ከሆነ አፋርን ያስቡ፤ ሰመራ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ።